አጽምህን ልወስድ አዶላ ሄጄ ነበር

አያሌው፣

ጤናህን አልጠይቅህም፤ የሞተ ሰው ጤናው አይጠየቅም። ከመካነ ሰላም ከወጣህ አምስት ዓመት፣ የአዶላ ወርቅ ጉድጓድ ከተናደብህ ደግሞ ዓመት ሆነህ። ስትሄድ “ዝናቡ ሲመለስ እመለሳለሁ” ብለኸኝ ነበር። ዝናቡ ተመለሰ። ንጉሡም ወረዱ። ለባላባቱ ስንገብርበት የኖርነው መሬት ዛሬ የእኔ ነው፤ ጎረቤት በደቦ ያርስልኛል፣ ዘንድሮ ገብስ ዘርቼበታለሁ።

ልጃችን ብርቄ ግን አንተ በወጣህበት ዓመት ሞተች። በሽታ ነው ብዬ አላለሳልስልህም፤ በረሃብ ነው። የአንተ መርዶ ሲመጣ ሙታችንን የሚቀብረው የቅሬያችን ዳኛ አባባ ሰይድ “አብሽሪ፣ አጽሙን አምጪውና ከልጁ ጎን እናሳርፈዋለን” አሉኝ። ለዚህ ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት።

የወርቅ አገር ሲባል የሚያብረቀርቅ ነገር ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ቀይ ጭቃ ነው። ከየአገሩ የመጣው ወንድ አንገቱን ደፍቶ አፈር ሲያጥብ ይውላል፤ ቀና ብሎ እንደምን ዋልሽ የሚል የለም። ሰው ያልኩት የአገሬውን ጉጂዎች ብቻ ነው። ሽማግሌዎቻቸው ዋርካ ሥር አስቀመጡኝ። ጉዳዬን ሳይሰሙ አንዱ ይመርቃል፣ የቀሩት ይቀበሉታል፤ ከብቱን፣ ሳሩን፣ ዝናቡን፣ እኔንም። እኔ ደግሞ ለምርቃት የሚሆን ሆድ አልነበረኝም። በመጨረሻ “ታላቋ ሚስት አንቺ ነሽ፤ አጽሙን ውሰጂ ወይም ተዪው፣ ያልሽው ይሆናል” አሉኝ። ታናሽ ሚስት እንዳለችህ የሰማሁት ያኔ ነው።

ስሟን አልጽፍልህም። ቤቷ ወሰደችኝና በሩ ላይ ቆማ “ብርቄ!” ብላ ተጣራች። አያሌው፣ በሰው አገር ቆሜ ልጄን ፈለግኩ። አንዲት ትንሽ ልጅ ወተት የሞላ ዋንጫ በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ዓይኗ ያንተው ዓይን ነው።

በሕይወት ባለች እህት ስም ልጅ አይሰየምም። ስለዚህ ታውቅ ነበር። ብርቄ መሞቷን ሰምተሃል፤ ሰምተህ አልመጣህም፣ አንድ ቃል አልላክህልኝም። ስሟን ብቻ ወስደህ ለሌላ ሰጠህ። እዚያው ረገምኩህ። ሙት መርገም ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም።

ዕለቱ አርብ ነበር። ጾመኛ ነኝ ልል አፌን ስከፍት ልጅቷ ዋንጫውን ወደ እኔ ከፍ አድርጋ ቆመች፤ ከብዷታል፣ ግን አላወረደችውም። የእኔዋ ስትሞት በቤታችን ከውሃ በቀር የሚቀመስ አልነበረም። ተቀበልኳትና ጠብታ ሳላስቀር ጠጣሁት። ጾሜን ያስፈታኸኝ አንተ ነህ፤ ለንስሐ አባቴም እንዲሁ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።

አጽምህን አላነሳሁትም። ያቺ ትንሿ ምንም አላጠፋችም፤ አባት ባይኖራት የአባት መቃብር ይኑራት። ይቅር እልሃለሁ ብለህ አትጠብቅ፤ እረሳሃለሁም ብለህ አትስጋ። እስክሞት ስምህን እጠራለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ በንዴት። ከብርቄ ጎን ያለውን ቦታ ለራሴ ይዤዋለሁ።

የብርቄ እናት