ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር

እማዬ፣ የአላህ ራህመት ባለሽበት ይድረስሽ።

ከተለየሽን ወዲህ አንድ ረመዳን አልፎ ሁለተኛው ሊገባ ነው። ባለፈው ረመዳን የማፍጠሪያውን ሾርባ የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ወንድሜ አብዱ አንድ ማንኪያ ቀምሶ ሳህኑን ገፋ አደረገ። ጨው በዝቶበት ይሁን አንቺን አስታውሶ አልጠየቅኩትም።

ቤቱን እኔ ይዤዋለሁ። ልጆቼን ይዤ ከጎባ ሮቤ ገባሁ፤ ጠዋት ጠዋት ጎባ ወዳለው የመድኃኒት ቤት ሥራዬ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። አብዱ የቆርቆሮውን አጥር አፍርሶ በብሎኬት ሠራው፣ አናቱ ላይም የጠርሙስ ስባሪ ተከለበት። የሳሎኑን ደፍም ነቅሎ ሲሚንቶ አድርጎታል። እንጨቱ አርጅቶ ነው አለኝ። ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ያም ሆኖ እዚያ ቦታ ስደርስ እግሬን አርዝሜ ነው የማልፈው። ልጆቼ ምንም ሳያውቁ እኔን እያዩ መዝለል ለምደዋል።

ያንን ቀን ደጋግመሽ ስለነገርሽኝ በዓይኔ ያየሁት ይመስለኛል። የገበያ ቀን ስለነበር ሰፈሩ ጭር ብሏል። አንቺም ሌላ ጊዜ ቢሆን ጥቁር አዝሙድሽንና ድንብላልሽን ይዘሽ ገበያ ትቀመጪ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ጉልበትሽን አሞሽ ጓዳ ጋደም ብለሻል። የአጥሩ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ነፋስ መሰለሽ። ቀጥሎ ሳሎን ውስጥ የሰው ኮቴ ሰማሽ። የጎረቤታችን የዘሃራ ባል ቤታቸው በገቡ ሌቦች ተወግቶ ከሆስፒታል የወጣ ሰሞን ነበር፤ ዛሬም ግራ እጁን ማንሳት አይችልም። እሱ ትዝ አለሽ። ግድግዳው ሥር ቅመም የምትወቅጪበት ዘነዘና ቆሞ ነበር፣ አንስተሽ ወጣሽ። ወጣቱ ቴሌቪዥኑን ታቅፎ በሩ ጋ ደርሷል። አንዴ ጭንቅላቱን መታሽው። ደፉ ላይ ወደቀ፣ ከዚያም አልተነሳም። ከድር ይባል እንደነበር የሰማነው በኋላ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ በቆየሽበት ጊዜ የሰፈሩ ሴቶች ምግብ እየያዙ ይመጡ ነበር። ጀግና ሲሉሽ ፊትሽን ታዞሪያለሽ። አብዱ ጠበቃ ያዘልሽ። ጠበቃው፣ ዞሮ ሊመታኝ መጣ ካልሽ ነገሩ ያልቃል አለሽ፤ አብዱም እግርሽ ላይ ወድቆ ለመነሽ። ዳኛው ሲጠይቁሽ ግን እጅሽን አጣምረሽ ቆምሽ።

«ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር» አልሽ። «እየወጣ ነበር። ከቴሌቪዥኑ ሌላ እጁ ላይ ምንም አላየሁም።»

አብዱ ራሱን ይዞ አጎነበሰ። ፍርድ ቤቱ ራስን መከላከል ነው፣ ግን ከልክ ያለፈ ነው ብሎ ፈረደ፤ ዕድሜሽን አይቶ ቅጣቱን በገደብ አደረገልሽ። ቤትሽ ገባሽ።

ከተማው ግን ስለ አንቺ ማውራቱን አልተወም። አንድ ቀን ካንቺ ዘንድ ወደ ጎባ ስመለስ፣ ልጅሽ መሆኔን የማያውቁ ሰዎች ሚኒባስ ውስጥ ክርክር ያዙ። አንዱ፣ የሰው ቤት ዘሎ የገባ ሕይወቱን ውጭ ትቶ ነው የገባው አለ። አጠገቡ ያለችው ሴት፣ ለቴሌቪዥን ሰው ይሞታል እንዴ ብላ ተቆጣች። ከኋላ ያሉ ሽማግሌ ደግሞ፣ ብቻዋን ያለች አሮጊት ቢላ ይዘሃል ወይ ብላ ልትጠይቀው ኖሯል አሉ። እኔ መስኮቱን እያየሁ ሁሉም በየተራው ልክ ይመስለኝ ነበር። ዘሃራም፣ ሌቦቹ የገቡብን ቀን ባሌ ዱላ ይዞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እጁ ደህና ነበር ትለኝ ነበር።

አንቺ ልክ ነኝም አጥፍቻለሁም ብለሽ አታውቂም። ብቻ ጓዳ መተኛት ተውሽ። ወንበርሽን ወደ በሩ አዙረሽ ትውያለሽ። በጠራራ ፀሐይ «መጣ» ትይኛለሽ፣ ዞር ብዬ ሳይ ማንም የለም። ፊቱን ያየሁት ከወደቀ በኋላ ነው፣ አሁንም ሲመጣ ፊቱን አያዞርልኝም ብለሽ ነግረሽኛል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በመጨረሻ ጉማ ይከፈል፣ የደም ካሳው ለቤተሰቡ ይሰጥ አልሽ። አብዱ፣ ለሌባ ጉማ ከከፈልን ሌቦቹ እኛ ነን ማለት ነው ብሎ ጮኸ። ሽማግሌዎቹም ሲሰርቅ ለሞተ ሰው ጉማ የለም ብለው አመነቱ። ያን ጊዜ እኔን ለብቻዬ ጠርተሽ፣ የከድር ቤተሰብ ወዳለበት ዲንሾ ውሰጂኝ አልሽኝ።

ዲንሾ ስንደርስ ጉሙ ከገብሱ ላይ ገና አልተነሳም ነበር። የከድር እናት አዴ ፋጡማ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ግቡ አላሉንም። አንቺ በኦሮምኛ ማን እንደሆንሽ ነገርሻቸው። ረጅም ጊዜ አዩሽ። 

«ሲሞት ምን አለ?» አሉሽ።

«ቢሻን አለኝ፣ ውሃ። ሰጠሁት። ከንፈሩን አረጠበው እንጂ አልዋጠውም።»

እማዬ፣ ይህን ለፖሊስም ለዳኛም ለእኛም አልተናገርሽም። ለካ እስከዚያ ቀን የጠየቀሽ ሰው አልነበረም።

አዴ ፋጡማ የበሩን መቃን ያዙ። «ይቅር አልልሽም፣ አትለምኚኝ» አሉ። «ግን ውሃ ሰጥተሽዋል። ግቢ።»

እርጎ ሰጡን። ልጃቸው ሌባ መሆኑን ያውቁ እንደነበር፣ መክረውትም አልቅሰውበትም እምቢ እንዳላቸው ነገሩን። የኔ ነበር ግን አሉ። ከዚያ ወዲህ መንገዱን ለመድሽው። ጉልበትሽ እያመመሽ ትሄጃለሽ፣ ብዙም ሳታወሩ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ትመለሻለሽ። አብዱ በዚህ የተነሳ ስንት ጊዜ አኮረፈሽ።

ያረፍሽ ጊዜ አዴ ፋጡማ ለቅሶ መጡ፤ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። አብዱ ማን ናቸው ብሎ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ወጥቶ ውጭ ቆየ። ሲመለስ ከጀርባቸው ትራስ አደረገላቸው።

አሁን ልነግርሽ የፈለግኩትን ልንገርሽ። በቅርቡ፣ እንደዚያው በገበያ ቀን፣ ፈቃድ ወስጄ ብቻዬን ቤት ነበርኩ። አጥሩ ላይ ጠርሙስ ሲሰበር ሰማሁ፣ ሰው ግቢ ውስጥ ዱብ አለ። አብዱ በሩ ጀርባ ያስቀመጠውን መጥረቢያ አነሳሁ። በመጋረጃው ሳይ አንድ ሰው በረንዳው ላይ የጋዙን ሲሊንደር ይፈታል። የሚታየኝ ጀርባው ነው። በሩ ክፍት ነበር፣ ከእኔ ርቆ አልነበረም። መጥረቢያውን ከፍ አድርጌ እንደነበር ያወቅኩት ክንዴ ሲዝል ነው። ከዚያ ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ «ሰው አለ!» አልኩ።

ዞረ። ከእኔ ይልቅ እሱ ፈርቷል። ሮጦ አጥሩን ዘለለ፣ ጠርሙሱ ላይ ደሙ ቀረ።

አብዱ ሲመጣ፣ ለምን አልመታሽውም አለኝ። ነገ ሌላ ቤት ይገባል፣ እዚያ የሚሞተው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ አለኝ። አላውቅም። ጥያቄው አብሮኝ ይተኛል፣ አብሮኝ ይነሳል። ከአንቺ የተሻልኩ ሆኜ እንዳይመስልሽ፣ እማ። እኔ መሮጥ እችል ነበር፤ አንቺ ጉልበት አልነበረሽም። የእኔው ሰውዬ ዞሮ ቢመጣብኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላህ ያውቃል።

በሳምንቱ ዲንሾ ሄጄ ለአዴ ፋጡማ ነገርኳቸው።

«ሮጠ?» አሉኝ።

«ሮጠ» አልኳቸው።

«ቤቱ ገባ?»

«አላውቅም፣ አዴ። ሳይገባ አይቀርም።»

ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። በእነዚያ ሁሉ ጊዜያት ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር። እጃቸውን ይዤ እስኪበቃቸው ጠበቅኩ።

ልጆቼ ሲያድጉ ስለ አንቺ ይጠይቁኛል። ጀግና ነበረችም፣ ነፍሰ ገዳይ ነበረችም አልላቸውም። የሆነውን እንደሆነው እነግራቸዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ በዱዓዬ አልረሳሽም፤ አንቺን ስጠራ ከድርንም አብሬ እጠራለሁ፣ እናቱ ሲደክሙም ዲንሾ መሄዱን አልተውም።

ልጅሽ ሰዓዳ