ስለ ግራዝማች መሸጥ ለክለቡ ፕሬዚዳንት የቀረበ ምስጋና

ለበረሃ ጭልፊቶች ቤዝቦል ክለብ ክቡር ፕሬዚዳንት
ላስ ቬጋስ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ለቀኝ ጉልበትዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ጉልበትዎን ለይቼ ያነሣሁበትን ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል። በስታዲየሙ መስታወት ክፍልዎ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣም ደኅና እንደሰነበተ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኛ ከላይኛው ረድፍ፣ በመቶ አሥር ዲግሪ ፋራናይት ፀሐይ ተቀምጠን፣ ሹራብ ደርበው ባየንዎት ቁጥር ብርድ እንዳይመታዎ ስንሳቀቅ ከርመናል።

እታፈራሁ እባላለሁ። በሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ መራመድ የከበዳቸውን መንገደኞች በተሽከርካሪ ወንበር እገፋለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ግን በስታዲየምዎ የመጨረሻው ከፍታ ላይ፣ ከእኛ በላይ ወፍ ብቻ በሚገኝበት ረድፍ፣ ጎን ለጎን የሚቀመጡትን አምስት ኢትዮጵያውያን ወክዬ ነው። ክለብዎ በየማስታወቂያው ደጋፊውን ቤተሰቤ እያለ ስለሚጠራ፣ ከቤተሰብ የመጣ ደብዳቤ ነው ብለው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ወደዚህ ጨዋታ ያስገቡን ጋሽ ገብረጻድቅ ናቸው። እሳቸው በደብረ ማርቆስ የሂሳብ አስተማሪ የነበሩ፣ ዲቪ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው የደረሳቸው፣ ከዚያም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአየር ማረፊያውን ወለል ሲወለውሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ቤዝቦልንም የተማሩት መጥረጊያቸውን ተደግፈው በመንገደኞች መቆያ ካለው ቴሌቪዥን ነው። እኛ የእግር ኳስ ሰዎች ነበርንና ይህ ቆሞ መዋል ምን ጨዋታ ይባላል ብለን ስንስቅባቸው፣ «እግር ኳስ ሰዓት አለው፤ ሰዓቱ ሲሞላ ውጡ ትባላላችሁ። እዚህ ግን የመጨረሻው ሰው ተራው ሳይደርሰው ማንም ሺፍትህ አልቋል አይለውም» አሉን። ዕድሜያችንን በሺፍት የምንቆጥር ሰዎች ስለሆንን ንግግሩ አንጀታችን ገባ። ክለብዎ የተመሠረተ ዕለት ኮፍያውን ገዝተን የእርስዎ ሆንን።

ጋሽ ገብረጻድቅ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ከቅዳሴ በቀጥታ እየመጡ አሥራ አራት የእሑድ ጨዋታዎችን በአካል ተገኝተው ተከታትለዋል። አሥራ አራቱንም ተሸንፈናል። በሌላ ቀን ያሸነፍን ጊዜ እሳቸው ቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን አይተውታል፤ ግን አይቆጥሩትም። ድል ማለት አጠገብህ ያለው ሰው ሲያቅፍህ ነው ይላሉ። ከዚህ ዓለም የቀራቸው ምኞት ያ አንድ እሑድ ብቻ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ልባቸው የታመመ ሰው ናቸውና ጊዜውም ብዙ አይደለም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ በዚህ ዓመት ብቻ አንድ መቶ ሁለት ጊዜ በመሸነፍ ከጭንቀት ስላሳረፉን እናመሰግናለን። የሌላ ክለብ ደጋፊ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ጥፍሩን ሲበላ እኛ በሦስተኛው ዙር ላይ ነገሩ ስለሚለይልን፣ የቀረውን ሰዓት ስለ ኑሮ በመጨዋወት እናሳልፈዋለን።

ሁለተኛ፦ ከረድፋችን ጀርባ የነበረውን የመጠጥ ውኃ ቧንቧ አስነቅለው በቦታው ፎቶ መነሻ ግድግዳ ስላሠሩልን ምስጋናችን ላቅ ያለ ነው። ከንፈራችን ደርቆ ሳለ የተነሣነው ፎቶ በጣም ያምራል።

ሦስተኛው ትንሽ ይረዝማል፤ ይታገሱኝ። መታገሥን ከእርስዎ በላይ የሰበከን የለምና።

በግራ እጁ የሚወረውረው ያ ቁጥር 17 ልጅ ትዝ ይልዎታል? እኛ ግራዝማች እንለዋለን። ስሙን ያወጡለት ጋሽ ገብረጻድቅ ናቸው፤ በድሮ ዘመናችን የግራውን ጦር የሚመራ አዛዥ በዚህ ማዕረግ ይጠራ ነበር። ቡድኑ ውስጥ ኳስ የት እንደሚወድቅ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። በሐምሌ ወር መጨረሻ እርስዎ ይህን ልጅ አሳልፈው ሰጥተው በምትኩ «ስሙ ወደፊት የሚገለጽ ተጫዋች» ተቀበሉ። ክቡር ሆይ፣ እኛም ከብት ከሚለዋወጥ ሕዝብ የወጣን ነን፤ በሬውን አስረክቦ፣ ስሙ ወደፊት የሚገለጽ በሬ ተቀብሎ ከገበያ የተመለሰ ሰው ግን በአገራችን ታይቶ አይታወቅም። ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት ወደ ውል የቀየሩ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ይህንንም ያበሠሩን በስልክ መልእክት ነው። ሁለት መስመር ነበር። በመጀመሪያው መስመር ግራዝማች ለአገልግሎቱ ተመሰገነ፤ በሁለተኛው መስመር በዕለቱ ሆት ዶግ በግማሽ ዋጋ መሆኑ ተገለጸ።

መልእክቱ ሲደርስ የጋሽ ገብረጻድቅ ስልክ እኔ እጅ ነበር። እሳቸው በዚያው ሳምንት ልባቸው ደክሞ ሆስፒታል ገብተው ነበርና ልብሳቸውንና ጫማቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይሰሙ ብሎ አስጠንቅቆናል። ስለዚህ መልእክትዎን አጠፋሁት፤ ስልኩም ተበላሽቷል አልኳቸው። ሆቴል የምትሠራው ሀጅራ፣ በሕይወቷ ዋሽታ የማታውቅ ሴት፣ የክፍሉን ቴሌቪዥን ሪሞት በቦርሳዋ ይዛ ወጣች። የየዕለቱን ውጤት የማድረስ ኃላፊነት ደግሞ ፊቱ አይለወጥም ተብሎ ለታክሲ ነጂው ለተማም ተሰጠ።

ተማም የወሎ ልጅ ነው፤ ወሬ ሲያወራ ያምርበታል። በየቀኑ እየመጣ ግራዝማች እንዲህ ወረወረ፣ እንዲህ ጣለ፣ እንዲህ አሸነፍን እያለ ይተርካል፤ ጋሽ ገብረጻድቅም ትራስ ተደግፈው በደብተራቸው ይመዘግባሉ። አንድ ቀን ግን የእግር ኳስ ነፍሱ አሳሳተውና ሁለት ለሁለት አቻ ተለያየን አለ።

«ተማም፣ ቤዝቦል አቻ የለውም እኮ» አሉት።

«ዝናብ አቋረጠው፣ ጋሼ።»

ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ በነሐሴ። ጋሽ ገብረጻድቅ ወደ መስኮቱ ዞረው ያንን ደረቅ ሰማይ ለረጅም ጊዜ አዩና፣ ደብተሩ ላይ «ዝናብ» ብለው ጻፉ። ማመን ፈልገው እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

በሦስት ሳምንት ውስጥ በደብተሩ አሥራ አንድ ጊዜ አሸነፍን። ከዚያ ከሆስፒታል ወጡና፣ እሑድ ግራዝማች ስለሚወረውር ውሰዱኝ አሉ።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ የማያውቁትን ልማድ ማስረዳት ይኖርብኛል። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞትበት ለባለቤቱ በስልክ አይነገረውም፤ በተለይ ከታመመ፣ ከተራበ ወይም ብቻውን ከሆነ ጨርሶ አይነገረውም። ወዳጆቹ ይመካከሩና፣ ገና ሰማዩ ሲቀላ፣ ከሌላ ሰው ሳይሰማ፣ ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። ይህ መርዶ ይባላል። ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አጠገቡ እንዲኖር ነው። እኛም ተመካከርንና፣ ነገሩ ለሽማግሌው ሐዘን ስለሆነ በሐዘን ወግ ይነገራቸው ብለን ወሰንን። ዛሬ ሳስበው እንዲህ ያለ ጅል ምክር መክረን አናውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት አምስት ሆነን ሜሪላንድ ፓርክዌይ ካለው አፓርታማቸው ደጃፍ ቆምን። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄያለሁ። ሀጅራ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ጥቁር በጥቁር ናት። ከካዚኖ ሺፍቱ የወጣው ሶፎንያስ ጥቁር ሰደርያውን አላወለቀም። ተማም ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል። አምስተኛው ፈድሉ፣ ከሁላችን ልጅ የሆነው፣ ገና በሩ ሳይከፈት ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ጋሽ ገብረጻድቅ በሩን ከፍተው አዩን። ግድግዳውን ደገፍ አሉና፣ «ወልደሥላሴ ነው?» አሉ።

ወልደሥላሴ ደብረ ማርቆስ ያሉት ታናሽ ወንድማቸው ናቸው፤ ኩላሊታቸውን ያማቸዋል። እኛ አምስት ጅሎች፣ አንድ ሰው በዚያ ሰዓት እንደዚያ ተሰልፈን ካየን ምን እንደሚያስብ አንዳችንንም ትዝ አላለንም።

«ኧረ ጋሼ! እሳቸው ደኅና ናቸው!» አለ ሶፎንያስ። «ግራዝማች ነው። ትሬድ አድርገውታል።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። በማን ለወጡት ብለው ጠየቁ፤ ስሙ ወደፊት በሚገለጽ ተጫዋች አልናቸው። ሳል እስኪያፍናቸው ድረስ ሳቁ። እኛም እፎይ ብለን አብረን ሳቅን። ከዚያ ደብተሩን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ገለጡና፣ «እነዚያ አሥራ አንዱስ?» አሉ።

ፊቱ የማይለወጠው ተማም መሬት መሬት አየ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ብዙ የታመሙ ሰዎች ፊት አይቻለሁ፤ ሥራዬ ነው። እንደዚያ ያለ ፊት ግን አላየሁም። ደብተሩን ዘግተው ለተማም ሰጡትና፣ «ያንተ ነው» አሉት። ከሰዓት በኋላ አምቡላንስ ጠራን።

ይህን እርስዎ አደረጉት አልልም። እኛ ነን ያደረግነው፤ በነጠላችንና በፍቅራችን። ለዚህ ማታ ማታ የማለቅሰው እኔ ነኝ እንጂ እርስዎ አይደሉም። ነገር ግን ከሽማግሌ ልብ የምንደብቀውን ክፉ ወሬ በየሳምንቱ ያመረቱልን እርስዎ ስለሆኑ፣ የድርሻዎን ምስጋና መንፈግ ነውር ይሆንብኛል።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ የመኪና ማቆሚያውን ነገር ይዤ ነበር። ይቅር፤ እጄ እንቢ አለኝ።

ጋሽ ገብረጻድቅ አሁን ቤታቸው ናቸው። ሐኪሙ በዚህ አገር ልማድ ፊት ለፊት ነግሯቸዋል፦ የሚቀጥለውን ሲዝን አያዩትም። እርስዎ ደግሞ በየጋዜጣዊ መግለጫው ከሦስት ዓመት በኋላ የሚያብብ ቡድን እየገነባን ነውና ታገሡን ይላሉ። የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል ይባላል፤ ሦስት ዓመት ታገሥ የሚባለው ግን ሦስት ዓመት ላለው ሰው ነው።

የፊታችን እሑድ የዓመቱ የመጨረሻ የሜዳችን ጨዋታ ነው። በተጋጣሚው በኩል የሚወረውረው፣ እንደሚያውቁት፣ ግራዝማች ነው። ማንን እንደሚደግፉ ስጠይቃቸው ጋሽ ገብረጻድቅ የክለብዎን ኮፍያ ከምስማሩ አወረዱ። «ልጁን እወደዋለሁ፤ ግን ቤቴን ሲያፈርስ አላጨበጭብለትም» አሉኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ይኸው እሳቸው እርስዎን አልለቀቁም። በተሽከርካሪ ወንበር እስከ ላይኛው ረድፍ የምገፋቸው እኔ ነኝ።

አሸንፉ ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር መጠየቅ ጨዋነት አይደለም። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። እሑድ ከመስታወቱ ወጥተው፣ ሹራብዎን ትተው፣ ከእኛ ረድፍ ከጋሽ ገብረጻድቅ አጠገብ ይቀመጡ። ካሸነፍን የሚያቅፋቸው ሰው ይሁኑ። ከተሸነፍን ደግሞ አሥራ አምስተኛውን የእሑድ ሽንፈት በሰሌዳው ላይ እንዳያነቡት፣ ዞር ብለው በራስዎ አፍ ይንገሯቸው። ሲወድቁ የሚይዝ እጅም ይዘው ይምጡ።

በመቶ ሁለት ሽንፈት ያልተበገረ አክብሮቴን ከጫማዎ ሥር እያኖርኩ፣ ዕድሜዎን እንደ ዕቅድዎ ያርዝመው እያልኩ እሰናበታለሁ።

እታፈራሁ
ከላይኛው ረድፍ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሚያዝያ ጉልበትዎን ታመው ከአውሮፕላኑ በር እስከ መኪናዎ በወንበር የገፋሁዎት እኔ ነበርኩ። ኮፍያዬን አይተው ስለ ቡድናችን ምን ታስቢያለሽ አሉኝ፤ እኔም በጣም ጥሩ ነው አልኩዎ። በእኛ ወግ ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። ባለፈው ሳምንት ግን በቴሌቪዥን ጎልፍ ሲጫወቱ አየሁዎ፤ ጉልበትዎ ድኗል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዲህ ንጋት ከሆነ፣ እህል ከቀመሱ፣ ሰውም አጠገብዎ ካለ ቁጭ ይበሉ፦ ቡድንዎ ከሞተ ቆይቷል፤ እንዳይደነግጡ ብለን ነው የደበቅንዎ።