ለመሪው የሚሆነው ዘይት

የካቲት 3፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡30
ሚኒባሷን እያሞቅኋት ነው። መሪው ዛሬም ያቃስታል። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም፤ አምስት ዓመት ስነዳት እንዲህ ያለ ድምፅ አልሰማሁባትም። ደብተሬ፣ ጆሮዬን አምነዋለሁ፤ የሆነ ነገር አለ።

ያው ቀን፣ 10 ሰዓት
አለ! ቡሬ መነኻሪያ መግቢያ ላይ ስዞር መሪው ደረቀብኝ። በሁለት እጄ ታግዬ አንድ ጋሪ ለጥቂት ሳትኩ። ባለጋሪው ሰደበኝ፤ እውነቱን ነው። ኮፈኑን ከፈትኩ፤ የመሪው ዘይት ጎድሏል፣ የቀረውም ጠቁሯል።

የካቲት 4፣ ረቡዕ
ጋሽ አለልኝ ጋራዥ ሄድኩ። አጎቴ ናቸው፤ መንዳትም መፍታትም ያስተማሩኝ። ዘይቱን በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ የፍሬን ዘይት ጨምሪበትና ሂጂ አሉኝ። የፓምፑን ጎሚኒ፣ የጎማ ማሸጊያውን፣ ይበላዋል አልኩ። በሰው ፊት።
«ያስተማርኩሽን መልሰሽ ለእኔ?»
«መመሪያውን ሳታነቢ አትንኪ ያሉኝ አንቱ አይደሉም እንዴ፣ ጋሼ?»
ፊታቸውን አዞሩ። ከፋኝ። ግን ሐሳቤን አልለወጥኩም።

የካቲት 5፣ ሐሙስ
የመኪናዋን መመሪያ ይዤ ቡሬ፣ መለዋወጫ ሱቅ። ተራውም ዘይት፣ በፋብሪካ የተቀመመው ሲንቴቲኩም ይሆናል ይላል፤ መመሪያው ላይ ያለው ደረጃ ከተጻፈበት። ሲንቴቲክ ይሁንልኝ፤ በጠዋት ብርድ አይወፍርም፣ ሲግልም ቶሎ አይበላሽም። እኔ ደግሞ ከወፍ ቀድሜ የምነሳ ሰው ነኝ። ሻጩ ሁለት ዓይነት አወጣና ውዱን ገፋልኝ። ጀርባውን አነበብኩ፤ የእኔ መኪና ደረጃ የለበትም። በርካሹ ላይ አለ፣ ፊደል በፊደል። እሱን ወሰድኩ። ሻጩ ሳቀ። ይሳቅ።

የካቲት 6፣ ዓርብ
ሥራ አልወጣሁም። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስቼ አሮጌውን ዘይት አስወጣሁት። ጥላሸት! የሚያፈስበትንም አገኘሁ፤ የቱቦው ማሰሪያ ላልቷል። ለወጥኩት። እያፈሰሰ ምን ዓይነት ዘይት ቢሆን ምን ዋጋ አለው? አዲሱን ሞላሁ። መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ፣ ቀስ እያልኩ፣ የዘይቱ አረፋ እስኪጠፋ አዞርኩት። አስነሳሁ። ጸጥ። በአንድ ጣት ዞረ። ብቻዬን እልል አልኩ።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ
ጋሽ አለልኝ ሳይጠሩ መጡ። ገብተው መሪውን ግራ ቀኝ አሉት።
«ይኸማ ቅቤ ነው።»
ደስ ብሎኝ ጠርሙሱን ሰጠኋቸው፣ እንዲያነቡት። አራቁት፣ አቀረቡት፣ ወደ ፀሐይ ያዙት። ገልብጠው ነው የያዙት።
«ጋሼ፣ ዐይንዎ…»
«ጭጋግ ነው። ከክረምት ወዲህ።» ለማንም እንዳልናገር ለመኑኝ፤ ዐይኑ የማያይ መካኒክ ዘንድ ማን መኪና ያመጣል ብለው። ለካ በጣትና በአፍንጫ የሚሠሩት ለዚህ ኖሯል። እኔ ደግሞ ትዕቢት መስሎኝ ነበር። አፈርኩ። ሐኪም ጋ እንሂድ አልኩ። እንቢ። ደግሜ አልኩ። እንቢ።

የካቲት 9፣ ሰኞ፣ ንጋት 11 ሰዓት
ዛሬ ተሳፋሪ አልጭንም። ትናንት ከቅዳሴ መልስ ደጃቸው ሄጄ ቁጭ አልኩ፤ እሺ እስኪሉ አልነሣም ብዬ። አሉ። አሁን ጋቢና ተቀምጠዋል፣ ጋቢያቸውን ደርበው። ባሕር ዳር፣ ዐይን ሐኪም። ምርመራውን ሳልሰማ አልመለስም። እየጻፍኩ አስጠበቅኋቸው፤ የመኪናዋን ጥሩምባ ራሳቸው ነፉት። መጣሁ፣ ጋሼ፣ መጣሁ!