ዛፉ ይነሳ

ጥቅምት 6
ቧንቧዋ ዛሬም ስታንጠባጥብ ዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ላስቲክ ግዙልኝ ብል… ወይ ፍንክች! ዛሬ ደግሞ ዕቅድ ሊያወጡ ተሰበሰቡ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁሉ አረንጓዴ ሊሆን ነው አሉ። ቀለም ሊቀቡት ይሆን? የመጀመሪያው አጀንዳ ውሃ ቁጠባ። እነሱ ያወራሉ፣ ቧንቧዋ ጠብ… ጠብ…

ከትምህርት ቢሮ የመጣው መሐንዲስ ግን ዞር ዞር ብሎ አየ። ቆርቆሮውን፣ መስኮቱን። «አባባ፣ በጣም የሚሞቀው የትኛው ክፍል ነው?» አለኝ። ሠላሳ ዓመት በጥበቃም በጥገናም ስሠራ የጠየቀኝ እሱ ብቻ። «የዛፉ ጥላ የማይደርስበት ሁሉ» አልኩት። ጻፈ።

ጥቅምት 19
ዕቅዱ መጣ። አርባ ገጽ! ርእሰ መምህሩ አስጠራኝ። ከመጨረሻ ልጄ ያንሳል… ክራቫቱ ብቻ ትልቅ።
«ጋሼ፣ ዛፉ ይቆረጥ ተብሏል።»
«ማን አለ?»
«ዕቅዱ።»
ዕቅድ አፍ አለው እንዴ? ወረቀቱን ተቀብዬ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ቆየሁ። ልቆያ! ከዳር በእስክሪብቶ «ዛፉ ይነሳ» ይላል።
«ይነሳ እንጂ ይቆረጥ አይልም።»
«ያው ነው ጋሼ። አልገባዎትም።»
አልገባዎትም! ለኔ! የልጆቼ እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ እዚህ በጽዳት ስትሠራ የወለል እጣቢ እያጠጣች ያሳደገችው ዛፍ ነው። የሁለተኛ ክፍል ልጆች ከቆርቆሮው ቃጠሎ የተረፉት በሱ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ፣ መጥረቢያው መጋዘኑ ውስጥ። አልሰጥም አልኩ።

ጥቅምት 20
ሥሩ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ።

ጥቅምት 21
«ጋሼ፣ ይነሱ።»
«አልነሳም።»
የቀን ሠራተኞች ከነመጥረቢያቸው አመጣ። አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ጣሉ። የቱን? የራሱ ቢሮ ላይ የሚያጠላውን! ብልህ። ግንዱ ጋ ሲደርሱ እኔን አይተው፣ «በሽማግሌ ላይ ዛፍ አንጥልም» ብለው ሄዱ። ነገ በፖሊስ አስነሳዎታለሁ አለኝ።

ጥቅምት 22
የሁለተኛ ክፍሏን አስተማሪ ከነተማሪዎቿ በቦታዬ አስቀምጬ ትምህርት ቢሮ ሄድኩ። ሦስት ፎቅ በዚህ ጉልበት! መሐንዲሱ ነገሩን ሲሰማ ሳቀ… ከዚያ ደነገጠ።
«አባባ፣ ፎቶ ይነሳ ማለቴ እኮ ነው! ለሪፖርቱ!»
ይኸው ነው። ባለዲግሪው ርእሰ መምህር! አንዲት ቃል ደውሎ መጠየቅ አቅቶት… ደብዳቤ አስጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼ ተመለስኩ። ርእሰ መምህሩ ሁለት ጊዜ አነበበው። እሱም በጣቱ!

ኅዳር 4
ርእሰ መምህሩን ቢሮው እንደ እሳት ስለሚፈጀው ወንበሩን ይዞ ወጥቷል። ዛፉ ሥር፣ አጠገቤ ሆኖ ነው የሚሠራው። «ዛሬ ይሞቃል ጋሼ» ይላል። ፊቴን አዞርኩበት። ጥላ ግን አልከለከልኩትም። ለቧንቧዋ ላስቲክ ተገዝቷል… ማን ገዛው ብዬም አልጠየቅኩ።

መሐንዲሱ ካሜራውን ይዞ መጣ። ርእሰ መምህሩ ክራቫቱን አስተካክሎ ከፊት ቆመ። እሱ እንዳዳነው ሁሉ! ዓይን አውጣ።
«አባባ፣ እርስዎም ይነሱ እንጂ።»
«አልነሳም!» ልማድ ሆኖብኝ። ልጆቹ ሳቁብኝ።
የልጆቼ እናት እኮ አንድ ቀን እንኳ ሳትነሳ ነው የሄደችው። ፎቶዋ የለኝም… እጄን ዛፏ ላይ አሳረፍኩ።
ቁጭ እንዳልኩ ተነሳሁ።