ግራው ያለ ቀረጥ ገባ

ለእህቴ ልጅ፣ ለእግረ ቀላሏ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ያ ሳልሽስ ለቀቀሽ? እኔን ብትጠይቂኝ ደህና ነኝ፤ ከደስታዬ ብዛት ግን ዛሬ የሰው ሬዲዮ ጠግኜ ስገጥም ሁለት ብሎን ተረፈኝ። ሬዲዮው ይሠራል፤ ስለዚህ ለማንም አልተነፈስኩም።

ጫማሽ ተገኘ! ሁለቱም እግር! ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሾፌር ይዞልሻል፤ ለእሁዱ የምርጫ ውድድር ይደርስልሻል። “ሶሉ አልቆ ጠጠሩን በእግሬ እየቆጠርኩት ነው፤ በዚህ ጫማ ክለቡ አይመርጠኝም” ካልሽኝ ቀን ጀምሮ እረፍት አልነበረኝም። እንዴት እንደተገኘ ልንገርሽ፤ ግን እንዳትስቂ። እሺ፣ ሳቂ።

ያንቺ ቁጥር እዚህ ሱቆች ስለጠፋ ከውጭ አገር ሻጭ በኢንተርኔት አዘዝኩ። አስቀድሜ የቀረጡን ደንብ እንደ ልማዴ ማንንም ሳልጠይቅ አነበብኩ። ዋጋው ከተወሰነ መጠን በታች የሆነ ጥቅል ቀረጥ የለበትም ይላል። ጫማሽ ከዚያ ያልፋል፤ አንዱ እግር ግን አያልፍም! ተነስቼ ለራሴ አጨበጨብኩ። ለሻጩም “ግራውን ዛሬ፣ ቀኙን በሳምንቱ፣ ለየብቻ አሽገህ ላክልኝ” ብዬ ጻፍኩለት። ሦስት ጊዜ “እርግጠኛ ነዎት?” ብሎ ጠየቀኝ።

ግራው ያለ ቀረጥ ገባ። የጉምሩኳ ልጅ “ጋሼ፣ አንድ እግር ብቻ?” ስትለኝ አንገቴን ደፍቼ ትንሽ አነከስኩ። አዘነችልኝ፤ ተነስታ በሩን ከፈተችልኝ። በሳምንቱ ቀኙ መጣ። መስኮቱ ላይ ያችው ልጅ! እኔ ደግሞ ማንከሱን ረስቼ እየዘለልኩ ነው የገባሁት። ጥቅሉን አየች፣ እግሬን አየች፣ “ጋሼ፣ ባለፈው ግራ፣ ዛሬ ቀኝ፤ በሚመጣው ሳምንት ክሩን እንጠብቅ?” አለችኝ። የጥንዱን ቀረጥ ከነቅጣቱ ጻፈችብኝና እስከ ዓርብ ካልከፈልኩ ቀኙ ወደ ሻጩ እንደሚመለስ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ያለችኝን ሁሉ ለጫማው አራግፌያለሁ።

ግራው መደርደሪያው ላይ ብቻውን ቀረ። እናትሽ ኮሌጁን ለሩጫ ብለሽ ከተውሽው ወዲህ ስምሽን በዚህ ቤት ማንም እንዳያነሳ ብላለች፤ ታውቂያለሽ። ልብስ እየሰፋች፣ ቀና ሳትል፣ “ያ የማን ነው?” አለችኝ። “አንድ እግር ብቻ ያለው ወዳጅ አለኝ” አልኳት። “ደግሞም ሯጭ?” ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ሐሙስ ዕለት ልጅቷ ቀረጡን ጽፋ የሰጠችኝ የጉምሩክ ወረቀት ከኮቴ ኪስ ጠፋ። ዓርብ ጠዋት ወረቀትም ገንዘብም ሳልይዝ፣ የጉምሩኳ ልጅ እግር ላይ ወድቄ ልለምናት ሄድኩ። ልጅቷ “ቀረጡ ተከፍሏል፣ ጫማውም ወጥቷል” አለችኝ። “ማን ከፈለ?” ብላት “አልናገርም ብዬ ምያለሁ” ብላ ሳቀችብኝ። ቤት ስገባ ቀኙ ከግራው ጎን ተቀምጧል። የግራው ክር ጫፉ ላይ ላላ ተደርጓል፤ በልጅነትሽ የተሰበረችው ጣትሽ እንዳትጨነቅ ይመስለኛል። እኔማ ጣትሽ የየትኛው እግርሽ እንደነበረች እንኳ ረስቻለሁ። አፌን ከፍቼ ብቆም እናትሽ “ምን ይገትርሃል? ወዳጅህ ሁለተኛ እግር በቀለለት እንዴ?” አለችኝና ስፌቷን ቀጠለች።

እኔ ከዚያ ወዲህ ማን እንደከፈለ አልጠየቅኩም፤ አንቺም አትጠይቂኝ።

ውድድሩ እሁድ ጠዋት በሬዲዮ ይተላለፋል አሉ። በዚያ ሰዓት በዚህ ቤት የስፌት መኪና እንዳይንቀሳቀስ፣ ደንበኛም እንዳይገባ ከወዲሁ ትእዛዝ ወጥቷል። ትእዛዙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ደግሞም ቁርስ ሳትበዪ እንዳትሮጪ ተብለሻል።

መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ፤ እግርሽን እንቅፋት አያግኘው።

አጎትሽ