ሁለተኛው ፎቶ አንሺ

ወንድምዓለም ሣህሉ፣ የዛሬን ብቻ እመነኝ፣ በእመብርሃን! ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ከድሬ ሙቀት በቀር ደህና ነን፣ ለሰርጌም ድንኳኑ ተተክሏል።

ግን በጣም ተናድጃለሁ። የእጮኛዬ የክፍሉ አጎት፣ ያ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ «አንድ ፎቶ አንሺ አይበቃም፣ ሁለተኛውን እኔ አመጣለሁ» አለ። እማዬማ «የማን ልጅ በሁለት ፎቶ አንሺ ተዳረች!» ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ያመጣው ፎቶ አንሺ ትናንት ቤት ድረስ መጣ። ቬሎዬን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። «አንተ፣ ሙሽራዋኮ እኔ ነኝ!» ብለው «አንቺን ያኛው ያነሳሻል፣ የኔ ሥራ በር ላይ ነው» አለኝ። ከዛ ደግሞ «ሰርገኛው ሲመጣ አናስገባም ብሎ በር የሚይዘው ወንድምሽ ነው አይደል? መልኩ ማንን ይመስላል?» አይለኝም! «ምን አገባህ!» ብዬ ጮህኩበት። ክፍሉን «አንድ ይበቃል፣ አለዚያ ሰርጉ ይቅር» ስለው «አጎቴን አታስቀይሚብኝ» ብሎ ሳቀ። አንተም ያኔ «ጓደኛህን ካሣን የማላውቀው ሰው እየጠየቀበት ነው» ስልህ እንዲሁ ነው የሳቅክብኝ፣ ይኸው እናቱ እስከዛሬ ስንቅ ታመላልሳለች።

በሩን የአክስታችን ልጅ ይይዝልኛል። አንተ ሥራ በዝቶብሃል፣ ሥራህን ሥራ፣ አልቀየምህም። እማዬ ብታለቅስ እኔ አባብላታለሁ። ይህን በባቡር ይዛልህ የመጣችው ጎረቤታችን ይርገዱ ናት፣ ውሃ ስጣት።

እግዜር ከክፉ ዓይን ይሰውርህ።

እህትህ የሺአረግ

ይህ በሚደርስህ ቀን ፋራህ ሱቅ ስልኩ ሥር ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። «አልመጣም» በለኝ ብቻ፣ ሳይመሽ ደውልልኝ።