የወ/ሮ ማርታ ቤትና ያንሸራተትኩት መስመር

ጂንካ፣ ጥር 6 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ማታ

እግሬ አቧራ ብቻ። ዛሬም ከከተማው በላይ ካለችው መንደር ዋልኩ። የሜትሩን አንድ ጫፍ ወ/ሮ ማርታ፣ ሌላውን እኔ ይዘን ቤታቸውን ለካን። ሟቹ ባለቤታቸው የሠሩት ነው። ቀርከሃው እንደ ሰሌን የተጠላለፈ፣ የሣር ክዳኑ ዝቅ ብሎ በሩን የሚከልል። በፕላን ነዳፊነት ሥራዬ ብዙ ቤት አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም። ስዕሉን ብታየው፣ አንተ ደብተር!

ከአ.አ. የተላክሁት ግን ለዚህ አይደለም። ለመንደር ምስረታ ነው። ተበታትነው ያሉት ቤቶች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሰለፉ ተብሏል። መስመሩን የማወጣው እኔ ነኝ። መስመሩ ላይ የዋለ ቤት እንዳለ ይቆማል። ያልዋለው ይፈርስና ታች ሜዳው ላይ እንደገና ይሠራል። ጓሮ ያለው እንሰት ግን ተከትሎ አይሄድም። አዲስ ተተክሎ ለመብል እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል።

የወ/ሮ ማርታ ቤት ከመስመሩ ውጪ ነው። ችካሉን የመታሁት ራሴ። ልክ ስንወስድ ቆጮ አቀረቡልኝ። በላሁ፤ አልነገርኳቸውም።

ጥር 8፣ ከሰዓት

አገኘሁት! መመሪያው መስመሩ ቀጥ ይበል አለ እንጂ በየት በኩል ይለፍ አላለም። ትንሽ ወደ ላይ ባንሸራትተው የወ/ሮ ማርታ ቤት ይገባል። አንሸራተትኩት። ለመንደር ምስረታው ጽ/ቤት ምክንያቱ “የመሬቱ ተዳፋት” ነው አልኩ። ውሸት። ግን ለቅርስ የተዋሸ ውሸት ነው። እኔ ባልዋሽ ማን ይዋሽለት?

በራሴ ኮርቻለሁ። ሻይ ቤት ገብቼ ሁለት ቦንቦሊኖ በላሁ።

ጥር 10

ጸደቀ። የጽ/ቤቱ ሰብሳቢ ፕላኑን በቅጡ ሳያዩ ፈረሙ። ሽቅብ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ወ/ሮ ማርታ እልል የሚሉ መስሎኝ ነበር። ሰሙኝና “እኔ ከገባሁ የወጣው ማን ነው?” ብለው ጠየቁኝ።

ማን እንደወጣ አላየሁማ። የእሳቸውን ቤት ሳይ ሌላው ሁሉ ለእኔ ወረቀት ላይ ያለ ክብ ነው። ከዚያ ተናደድኩ፤ ምስጋና ቢቀር ፈገግታ እንኳ አይገባኝም? አኩርፌ ወረድኩ። አሁን ደግሞ በኩርፊያዬ አፈርኩ።

ጥር 11

የወጣው አቶ ያዕቆብ ነው። ጎረቤታቸው፤ የገብስ ገበሬ። የከተማው አውሮፕላን ማረፊያ ዳር በሚግጡ ከብቶች መሀል ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ቤቱ አጠገብ የነበረው ችካል ስለተነቀለ ሊጠይቅ ነው የመጣው። ሚስቱ ከአልጋ ከወደቀች ቆይታለች አለኝ፤ ታች ሜዳ ከወረዱ ማን እዚህ ድረስ ወጥቶ እንሰት ይፍቅላቸዋል? እዚህ ጓሮው ቅርብ ነው፤ ጎረቤት ገብቶ ይሠራላቸዋል። ስለተዳፋቱ ላስረዳው ጀመርኩ። አዳመጠኝ፤ አልተቆጣም።

“የማርታ ቤት ቆንጆ ነው፤ እኔም አውቃለሁ” አለኝ። “የእኔን ግን ገብተሽ አላየሽም።”

ሄደ። ተዳፋት ያልኩበትን አፌን ምን ላድርገው?

ጥር 12

ገብቼ አየሁ። እውነቱን ልጻፍ፤ ወደዚያ የሄድኩት የሚሣል ነገር ፍለጋ ነው። አንድ ያማረ ምሰሶ፣ አንድ የተቀረጸ በር ባገኝ ነገሩ ቀላል ይሆንልኝ ነበር፤ ሁለቱም ቅርስ ናቸው ብዬ እከራከር ነበር። ምንም የለም። ጣራው በቆርቆሮ ቁራጭ ተጠግኗል። ግድግዳው አዘንብሏል። ጨለማ። ሴትዮዋ በሩ አጠገብ ተኝታለች፤ ከአልጋዋ ላይ እንሰቷ ይታያታል። ስም እየጠራች ትቆጥርልኛለች፣ ይሄ ለዘንድሮ፣ ያ ለከርሞ። በአገሬው ቋንቋ፣ በአሪኛ ነው የምትናገረው፤ ያዕቆብ ይተረጉምልኛል።

እርሳሴን ሳላወጣ ወጣሁ።

መስመሩ ራሱስ ለምን? ሁሉም ባለበት ቢቀር ምን ይጎድላል? ይህን ጽ/ቤት ውስጥ የሚጠይቅ የለም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ፈራሁ። የፈራሁትን ትልቁን ነገር ትቼ በትንሿ መስመር ጀግና ልሆን አማረኝ።

ጥር 13፣ ጠዋት

ከወ/ሮ ማርታ ጋር ደጃፋቸው ቁጭ አልን። መስመሩን ልመልሰው ነው፣ ቤትዎ ይፈርሳል አልኳቸው። አልቅሼ ነው የተናገርኩት። እሳቸው አላለቀሱም።

“ልጄ፣ እነሱን አስወጥተሽ እኔን ብታስቀሪ እሳት ከማን ቤት እጭራለሁ?”

ልጃቸው ታች ከተማ አለ፤ ሜዳው ላይ ቤት ይሠራላቸዋል። “እኔ ጉልበት አለኝ፣ የያዕቆብ ሚስት ግን አትነሳም” አሉ። ከዚያ ክዳኑን ቀና ብለው አዩት። ብዙ አዩት።

ማታ

ጽ/ቤት ሄድኩ። ሰብሳቢው ጦፉ፤ የልጅ ጨዋታ ነው ወይ፣ ተዳፋቱ በአምስት ቀን ተቃና ወይ አሉ። ተዳፋት የለም ጓድ ሰብሳቢ፣ ቤቱ ስላማረኝ ነው አልኳቸው። ወደ አ.አ. እንደሚጽፉብኝ ነገሩኝ። ይጻፉ። ፕላኑ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ።

ነገ የወ/ሮ ማርታ ጣራ ይፈታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሩቅ ቁጭ ብዬ እስል ነበር፤ ቤት ሲፈርስ ብርሃኑ በቀርከሃው መሀል ሲገባ እንዴት እንደሚያምር አውቃለሁ። ነገ አልሥልም። በጠዋት ወጥቼ ቤቱን ከሚፈቱት ሰዎች ጋር ቀርከሃ እሸከማለሁ።